ሠራተኛ አገናኙ ሠራተኛ ሲያጡ

አንድ ቀን ኮምቦልቻ ውስጥ መዲና የምትባል አንዲት ወጣት እናት ልጇን አዝላ ሥራ ልትጠይቅ ወጣች። የሄደችው ጋሽ ይመር ዘንድ ነው። ጋሽ ይመር ከመናኸሪያው አጠገብ፣ ከፎቶ ቤቱ በላይ፣ ሥራና ሠራተኛ የሚያገናኝ ቢሮ አላቸው። ዘበኛ የፈለገ ሆቴል፣ አስተናጋጅ የፈለገ ካፌ፣ ልብስ ሰፊ የፈለገ ፋብሪካ ለእሳቸው ይደውላል፤ እሳቸውም ደረጃው ላይ ተኮልኩሎ ከሚጠብቀው ሰው መሀል የሚሆነውን መርጠው ይልካሉ።

መዲና ግን እንደሌላው «ላኩኝ» ልትል አልመጣችም። እዚሁ፣ እሳቸው ዘንድ፣ ስልክ እያነሳች ሰው እያስቀጠረች ልትኖር ነው ሐሳቧ። ሰፈሯ ውስጥ ሥራ የፈታ ሰው ካለ እሷ እንቅልፍ የላትም፤ ይሄን ከዚያ፣ ያቺን ከዚህ ስታገናኝ ነው የምትውለው። ጎረቤቷ ዳቦ ቤት የተቀጠረች ለት ከጎረቤቷ ይልቅ የዘለለችው እሷ ናት፤ ባሏ «አንቺ ነሽ እንዴ የተቀጠርሽው?» ብሎ ስቆባታል። አሁን የባሏ ገቢ ለሦስት አልበቃ አለ። ሥራ መግባቷ ካልቀረ፣ እድሜ ልኳን የማይሰለቻትን ብትይዝ ብላ ነው ደረጃውን የወጣችው።

ችግሩ፣ ጋሽ ይመርን ሠራተኛ መቅጠር አንገሽግሿቸዋል። ለከተማው ሁሉ ሠራተኛ ያገኛሉ፤ ለራሳቸው ግን የሚበረክት አንድ ሰው አጥተዋል። እዚያ ቢሮ የተቀመጠ ሰው ጥሩ ጥሩውን ሥራ ከሁሉ ቀድሞ ይሰማላ። አንዷን ቀጠሩ፣ ሳትሰነብት ባንክ ገባች። ሌላዋን ቀጠሩ፣ ሆቴል ገባች። የመጨረሻውማ ስልኩን አንስቶ፣ «አዎ ጌታዬ፣ የሚፈልጉት ሰው ተገኝቷል፣ አሁኑኑ ይመጣል» አለና፣ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ጋሽ ይመርን ደህና ይዋሉ ብሎ ደረጃውን ወረደ።

ይህን ሁሉ ለመዲና ዘረዘሩላት። እንደማትሄድ ብትምል ብትገዘት አላመኗትም፤ እነዚያም ምለው ነበር አሏት። ጀርባዋ ላይ ያለው ልጅ መነጽራቸውን ሊነጥቅ ይንጠራራል፣ እሷ ወደ ኋላ ትላለች፣ እሳቸው ወደ ጎን ይላሉ። ቃለ መጠይቁ ጭፈራ መሰለ።

በዚህ መሀል ስልኩ ጠራ። አንድ ፋብሪካ ነው። የሠራተኞቹን ሕፃናት ቀን ቀን የምትጠብቅ ሴት ፈልጓል፤ ደመወዙ ጥሩ፣ ምሳ አለው፣ ልጅ ያላት ብትሆንም ከነልጇ መግባት ትችላለች። ጋሽ ይመር ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈን አድርገው ሁሉንም አንድ በአንድ ነገሯትና፣ ዐይን ዐይኗን እያዩ «እህሳ?» አሏት።

ለመዲና በልኳ የተሰፋ ሥራ ነው። እሷ ግን በእጇ ወደ በሩ እያመለከተች፣

«ደረጃው ላይ አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች ሴት አለች» አለች። «መዋዕለ ሕፃናት ስታስተምር ኖራ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶባት ነው። ቅድም ይሄ ልጅ ሲያለቅስብኝ ተቀብላ ወዲያው ዝም ያሰኘችው እሷ ናት። ለእሷ ይስጧት። እኔ ይሄን አንዱን አስተኝቼ እንኳ፣ ይተነፍስ እንደሆነ አሥሬ እየተነሳሁ ነው የማየው፤ ያን ሁሉ ልጅ ቢሰጡኝ ሳምንት ሳይሞላኝ አብዳለሁ።»

ጋሽ ይመር ሴትዮዋን አስጠርተው ሁለት ሦስት ነገር ጠየቋት፤ እውነትም እንደተባለችው ሆና ተገኘች። እየመረቀቻቸው ወደ ፋብሪካው ሄደች። መዲና ሴትዮዋ ደረጃውን ስትወርድ በመስኮት እያየች ብቻዋን ፈገግ ትላለች። ጋሽ ይመር ግን ጥርጣሬያቸው ጭራሽ ባሰ። መነጽራቸውን አውልቀው መሳቢያ ውስጥ ደበቁና፣

«ስሚኝ ልጄ» አሏት፤ «ሥራ ቸግሮት፣ ልጅ አዝሎ፣ እንዲህ ያለውን እንጀራ ለሌላ የሚሰጥ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ ደግሞ የሆነ ነገር ያሰበ አታላይ ነው። እኔ ሁለቱንም አልቀጥርም። አንቺ የትኛዋ ነሽ?»

መዲና ልጇን አዘል አዘል አደረገችና፣

«ጋሽ ይመር፣ ፀጉርዎ እስኪሸብት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የከተማውን ጥሩ ጥሩ ሥራ ሁሉ ለሌላ ሲሰጡ የኖሩት እርስዎ ነዎት። የትኛው እንደሆኑ ይንገሩኝና እኔም እሱኑ ሆኜ ልቀጠር» አለቻቸው።

ጋሽ ይመር የትኛው እንደሆኑ እስከ ዛሬ አልነገሯትም፤ መዲናም ከዚያ ቢሮ እስከ ዛሬ አልወጣችም።