ጎን ለጎን የቆሙት ዓመታት

መልስ የማይቸግራት አንዲት የመረጃ ባለሙያ ነበረች። አለቃዋ፣ የወረዳው የእንስሳት ሀብት ኃላፊ፣ የየቀበሌውን የፍየል ቁጥር ራሱ የጻፈበትን ሪፖርት ከዞን ለመጡ እንግዶች በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ አሳይቶ ደረቱን ነፋ። ከዚያም ኮምፒውተሩ ላይ ወደተቀመጠችው ባለሙያ ዞረ።

«ይሄ ሠንጠረዥ ምን ቁልቁል ያንዘላዝለዋል? የየቀበሌውን አምናና ዘንድሮ ጎን ለጎን አድርጊውና እድገቴ ይታይ!»

«እንዳለ ቢቀርስ ጌታዬ?»

«የታዘዝሽውን ሥሪ!»

ሠራች። አምናና ዘንድሮ ተጠጋግተው ሲቆሙ ቁጥራቸው አንድ ሆኖ ተገኘ፤ በአሥራ አራቱም ቀበሌ አንዲት ፍየል እንኳ አልወለደች፣ አንዲት ፍየል እንኳ አልሞተች። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ኃላፊው ደሙ ፈላ። «ቁጥሬን በኮምፒውተር አበላሸሽው! ከሥራ ትባረሪያለሽ!»

«ጌታዬ» አለችው፣ «እኔ ጎን ለጎን አቆምኳቸው እንጂ አልወለድኳቸውም፤ መልካቸው አንድ ከሆነብዎ አባታቸውን ይጠይቁ።»