«ትንሽ ወደ ኋላ!»

አንድ ቀን፣ ጥር ገብቶ ሠርግ እንደ አሸን በፈላበት ሰሞን፣ ፎቶ አንሺው ዳንጊሶ ሙሽሮችን ከነቤተሰባቸው ሊያነሳ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ይወርዳል። ዳንጊሶ በሙያው የታወቀ ነው፤ በዕድሉ ግን ይበልጥ ይታወቃል። ባለፈው ሠርግ ጦጣ የካሜራውን ክዳን ነጥቃው ዛፍ ላይ ወጥታለች። በዚህኛው ደግሞ ገና ከባጃጅ እንደወረደ፣ ዋርካው ላይ የቆመ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ ትከሻው ላይ ኩሱን ለቀቀበት። ቀና ብሎ ወፉን አየው፣ ኮቱን በመሀረብ ጠረገና «ደግ ነው፤ የዛሬው አለፈ» ብሎ ሥራውን ጀመረ።

አላለፈም።

የሙሽሪት አጎት አቶ ልሳኑ የማያውቁት ነገር የለም። ጠዋት ወጥ ሠሪዎቹን ስለ ጨው መክረዋል፣ ሹፌሩን ስለ ማርሽ አስተምረዋል፣ ቄሱን እንኳ ግዕዝ ላይ አርመዋል። አሁን የዳንጊሶ ተራ ደረሰ።

«ብርሃኑን ከጀርባህ አድርገው እንጂ!»

«ከጀርባዬ ነው ጋሼ።»

«እሱማ ከጀርባህ ነው። በደንብ አድርገው።»

ዳንጊሶ በደንብ አደረገው። ማለትም ባለበት ቆመ።

ይህን ጊዜ ሙሽሪት ትርሲት ቬሎዋን ሰብስባ ጠጋ አለችውና በሹክሹክታ «ዳንጊሶ፣ በሞቴ፣ አባቴን እንደምንም አስቅልኝ» አለችው። «በቤታችን አባቴ የሳቀበት አንድ ፎቶ የለም። እኔ ደግሞ ባሌን ተከትዬ ጋምቤላ መሄዴ ነው። እየሳቀ ይዤው ልሂድ።»

አባቷ አቶ ሽብሩ ጡረታ የወጡ የጉምሩክ ፈታሽ ናቸው። ሰውን የሚያዩት ሻንጣ እንደሚያዩ ነው። ዳንጊሶ ለልጅቷ «እሺ» ብሎ ወደ አባቷ ዞረ። ቀልድ ነገራቸው፤ ጨረሰ፤ እሳቸው ግን ቀሪውን ይጠብቃሉ።

«አባባ፣ እስኪ ፈገግ ይበሉ።»

«ብያለሁ» አሉ አቶ ሽብሩ፣ ፊታቸው እንደታሸገ ሣጥን ሆኖ።

አቶ ልሳኑ ጣልቃ ገቡ። «ጥፋቱ የሱ አይደለም፤ አንተ ተጠግተኸው ነው። ትንሽ ወደ ኋላ!»

ዳንጊሶ አፈገፈገ።

«ትንሽ ወደ ኋላ!»

«ጋሼ፣ ከኋላዬ እኮ ሐይቁ ነው።»

«አንተ ፊት ፊትህን እያየህ ሥራ። ኋላህን እኔ አይልሃለሁ። ትንሽ ወደ ኋላ!»

ትልቅ ሰው አይልሃለሁ ካለ ምን ይባላል? ዳንጊሶ አምኖ አንድ እርምጃ ጨመረ። እግሩ ያረፈው ዓሣ አጥማጆች የዓሣ አንጀት የሚጥሉበት ጭቃ ላይ ነበር። ተንሸራተተ፤ ለመያዝ እጁን ቢዘረጋ ያገኘው ቄጤማ ነው፤ ቄጤማው ከነሥሩ ተነቅሎ አብሮት መጣ። ቷ! ብሎ በጀርባው ሐይቁ ውስጥ ተዘፈቀ። ከውሃው በላይ የቀረው ጭንቅላቱና ካሜራውን ከፍ አድርጎ የያዘው እጁ ብቻ ነው።

ከዚያ ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ በር ሲከፈት የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። አቶ ሽብሩ ናቸው። እየሳቁ ነው። ሆዳቸውን ይዘው፣ ዕንባቸው እስኪወርድ፣ ትርሲት ትከሻ ላይ ተደግፈው ይንከተከታሉ። እሷም እሳቸውን እያየች ሳቀች፤ ሙሽራው ሳቀ፤ ሚዜዎቹ ሳቁ፤ አቶ ልሳኑም ሳይቀሩ ሳቁ።

ዳንጊሶ አንገቱ ላይ አንጀት እንደተጠመጠመ ይህን አየ። አላሰበም፤ ካሜራውን ወደ ዓይኑ አወረደና ተጫነው። ደግሞ ተጫነው። በዚያ ብርድ ልቡ ውስጥ አንድ የሞቀ ነገር ገባ።

ሳቁ ጋብ ሲል ሰዉ ወደ አቶ ልሳኑ መዞር ጀመረ፤ «ወደ ኋላ» ያለው ማን እንደሆነ ሁሉም ሰምቷልና። አቶ ልሳኑም ይህን ሲያዩ ቀደም አሉ።

«እኔ መጀመሪያውኑ አላልኩም? ሌላ ፎቶ አንሺ ይጠራ! እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ ሰው አነሳለሁ ብሎ የሚመጣው?» ወደ ሐይቁ ጎንበስ አሉ። «እስኪ መጀመሪያ ራስህን አንሳ!»

ይህኛው ቀልድ አልነበረም። ዳንጊሶ ጭቃው ምንም አልመሰለው፤ ግን ሐዋሳ ውስጥ አንድ ጊዜ «ከሠርግ ላይ ተባረረ» ከተባለ፣ የዚያን ጥር የሚጠራው እንደማይኖር ያውቃል። ካሜራውን ለትርሲት አቀበላት። ከአንገቱ ላይ አንጀቱን ፈታና ወደ ጎን አስቀመጠው። ከዚያ ድምፁን ሳይቀይር እንዲህ አለ፦

«ጋሼ፣ እርስዎ ቆመው አንድ የወደቀ ሰው ማንሳት አቅቶዎታል። እኔ ግን ወድቄ፣ እርስዎን ከነዘመድዎ አነሳሁ።»

አቶ ልሳኑ ክራቫታቸውን ወደ ትከሻቸው አሻግረው እጃቸውን ዘረጉለት።