ካባ የለበሰው ኮምፒውተር

አቶ ድልነሳው የሚባሉ ሹም ጌም መጫወቻ ኮምፒውተር በአንዲት ምላሰኛ ባለሙያ አስገጣጠሙ። ሰንብቶ ግን ጨዋታው ሞቅ ሲል ስክሪኑ ድርቅ እያለ ቢያስቸግራቸው አስጠሯትና እንግዶቻቸው ፊት አፈጠጡባት።

"ጥፋቱ የማሽኑ ነው ካልሽ የገጣጠምሽው አንቺ ነሽ፤ የእኔ ነው ካልሽ ደግሞ ደፍረሽኛል። በሁለቱም ትታሰሪያለሽ!"

ሴትዮዋ ኮምፒውተሩን አየችው። አቧራ እንዳይነካው ብለው፣ የተሾሙ ዕለት የተሸለሙትን ባለወርቅ ጥልፍ ካባ ከላይ እስከ ታች አልብሰውታል። ብትነካው እንደ እሳት ይፋጃል። ካባውን ስታነሣለት ሙቀቱ ወጣለትና ጨዋታው ያለ ችግር ቀጠለ።

"እሺ፣ ጥፋቱ የማን ነው?" አሉ።

"የማንም አይደለም፣ ጌታዬ" አለች እጅ ነስታ። "ኮምፒውተርም እንደ ሹም ነው፤ አንዴ ካባ ከደረበ ሥራ ያቆማል።"