ሰላምታ ያልመለሰችው ቆሮሶ

አንድ ጊዜ፣ ቆይ ይሄ ሳቅ ይለፍ እንጂ፣ አያ ጅቦ አፉ ሙሉ ሆኖ ሰላም ሊል የቆመበት ነገር ሲታሰብ ሆድ ያሳምማል፤ ግን እሱ ዋናው ነውና ትንሽ ይቆይ።

ጠጠሩ እስኪቆጠር ድረስ የጠራ ሐይቅ ነበረ። እዚያ እመት ቆሮሶ የምትባል ዓሣ ትኖራለች። ቆሮሶ እንቁላሏን የምታቅፈው አፏ ውስጥ ነው። ጫጩቶቹ ተፈልፍለው መዋኘት እስኪችሉ አትበላም፣ አትናገርም፤ ጉንጯን ነፍታ ብቻ ትዞራለች።

ታዲያ አህያ ከሩቅ ኩሬ ውሃ ጭኖ ሲመጣ ከበደውና ጀሪካኑን ሐይቁ ውስጥ ገለበጠው። ከውሃው ጋር ካርፕ የሚባል ዓሣ ጫጩቶች ገቡ። እንግዳ ናቸው ተብሎ ማንም አልነካቸው። በሁለት ክረምት ሐይቁን ሞሉት። ካርፕ ምግቡን የሚፈልገው ጭቃ እየቆፈረ ነው፤ ሣሩን ከነሥሩ ነቀሉት፣ ውሃው አተላ መሰለ። እመት ቆሮሶ ሁለት ጊዜ ልጆቿን ከአፏ አውጥታ፣ ሁለት ጊዜም ድፍርሱ በላባት። አሁን ሦስተኛዎቹን ይዛለች። እነዚህም ካለቁ በዚያ ሐይቅ ቆሮሶ የሚባል አይኖርም።

አያ አንበሶ ስብሰባ ጠራ። ካርፖቹን ማን ያውጣ ሲባል ሁሉም ጅብን አየ። እሱ እስኪጠግብ ሊበላ፣ ሐይቁም በዚያው ሊጸዳ ተስማሙ። እመት ቆሮሶ መናገር አትችልምና ውሃውን በጅራቷ ደበደበችው። አንበሳ፣ ደስ ብሏት ነው አለ።

አያ ጅቦም ገባበት። ጠዋት ካርፕ፣ ቀትር ካርፕ። ሳምንት ሳይሞላ ዳር ዳሩ መጥራት ጀመረ። የተረፈውን ጭንቅላት እየለቀመች ሆዷ የተወጠረው እመት ቀበሮ ይሄን ጊዜ ጠጋ አለችው።

«አያ ጅቦ፣ ዛሬ ከጨረስከው ነገ ምን ልትበላ ነው? ገበሬ እንኳ ለዘር ያስቀምጣል።»

አያ ጅቦ ማኘኩን አቆመ። ሁለት ጊዜ ማሰብ ልማዱ አይደለምና አንዴ አስቦ ወሰነ። ሆዷ በእንቁላል የተወጠረችውን አንዷን ካርፕ መርጦ በአፉ አንጠለጠለና ከሐይቁ በላይ ወዳለው ምንጭ ወጣ።

እመት ቆሮሶ ደግሞ ንጹሕ ውሃ ፍለጋ ወንዙን ሽቅብ ዋኝታ እዚያው ምንጭ ደርሳለች። ውሃው እንደ ብርጭቆ ነው። አፏን ልትከፍት ስትል ድንጋዩ ላይ አያ ጅቦ።

ተያዩ። ሁለቱም አፋቸው ሙሉ ነው። እሷ ጉንጯን ነፍታለች፤ እሱ ከከንፈሩ ጅራት ይወራጫል። ተያይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ደግሞ ነውር ነው። አያ ጅቦ ሆዳም ይሁን እንጂ ባለጌ አይደለም። ካርፗን ድንጋዩ ላይ አኑሮ፣ በእግሩ ረግጦ፣ እንዴት ዋልሽ፣ ቤቱ ደህና ነው ወይ፣ ልጆቹስ፣ ዝናቡስ እያለ ሰላምታውን አወረደው። እመት ቆሮሶ ዝም። ደገመላት። ዝም። ሠለሰላት። ጉንጭ ብቻ።

አያ ጅቦ ከፋው። ካርፗን ምንጩ ውስጥ ወርውሮ ሊከሳት ወደ አንበሳ ገሰገሰ።

«ተናቅሁ» አለ። «ሦስት ጊዜ እንዴት ዋልሽ ብላት ጉንጯን ነፋችብኝ።»

«የት አግኝተሃት ነው?» አለ አንበሳ።

«ምንጩ ጋ ነዋ። ለዘር የምትሆነኝን ካርፕ ላስቀምጥ ስሄድ።»

አንበሳ ዘንድ የነበሩት ሁሉ ዞር አሉ። አህያ ጆሮውን አቆመ። እመት ቀበሮ ቤቷ የረሳችው ነገር ትዝ አላትና ሄደች።

አንበሳ አልጮኸም። ጅብን ወደ ምንጩ መልሶ ካርፗን እንቁላሏን ሳትጥል አስወጣው። ከዚያ አዲስ ውል ነገረው፤ ካርፕ መብላት ቀርቷል፣ የያዘውን ለአሞራ ይጥላል፣ ለቀኑ አጥንት ይሰጠዋል፣ የመጨረሻዋ ካርፕ የወጣች ዕለት ግን አንድ ሙሉ የበሬ ጭን አለው። ከዚያ ወዲያ አያ ጅቦን ማን ያቁመው፤ ድንጋይ ሥር ሳይቀር እየገባ ፈለገ።

እመት ቆሮሶም በጠራው ምንጭ አፏን ከፈተች። ጫጩቶቹ እንደ ኑግ ፈሰሱ። መጀመሪያ የጅብን ሰላምታ ከነልጆቹ ከነዝናቡ መለሰች። ቀጥላ በስብሰባው ቀን አፏ ሞልቶ ያልወጣላትን ምንጩ ዳር ለመጣው አንበሳ ነገረችው።

ከዚህ የምንማረው እመት ቆሮሶ ያን ዕለት የተናገረችውን ነው፦ «ጌታዬ፣ ጥፋቱ ሲያልቅ እንጀራው የሚቋረጥበትን፣ ጥፋቱን አጥፋ ብለው አይቅጠሩት።»