ተራ ቁጥር ሠላሳ ዘጠኝ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ ባልሆነ ወቅት፣ ከንጹሕ ውኃ በፊት ኢንተርኔት በገባባት ጎርባ በምትባል የተራራ ሥር ከተማ፣ ስንዱ የምትባል የሰባተኛ ክፍል የአማርኛ መምህርት ነበረች። ልጆቹ ለፈተና ብቻ መጻፋቸው ያንገበግባት ነበርና የካቲት ላይ ለክፍሉ ብሎግ ከፈተች። «ዓለም የሚያነበው ደብተር ነው» አለቻቸው። ልጆቹ በወላጆቻቸው ስልክ ይጽፋሉ፤ ረቂቁን የክፍል ጓደኞቻቸው ብቻ አንብበው ከሥሩ አስተያየት ይሰጣሉ፤ ከዚያ በየዓርቡ ሁለት ጽሑፍ ለዓለም ይወጣል። እንዳይጣሉባት ብላ ተራውን በስም መጥሪያው መዝገብ አደረገችው፣ ከሀ እስከ ፐ። ለማንም እንዳታዳላ ነበር። ናዳ ግን መዝገብ አያይም።

ፍሬገነት በመዝገቡ ሠላሳ ዘጠነኛ ናት፤ ተራዋ ሰኔ መጨረሻ ነው። ሚያዝያ ላይ ለሳይንስ ትምህርት ቅጠል ልትሰበስብ ከትምህርት ቤቱ በላይ ወዳለው ተራራ ወጥታ፣ ሣሩን ለሁለት የከፈለ ስንጥቅ አየች። እጇን ብትሰድ ከውስጥ ቀዝቃዛ ነፋስ ወጣባት። ያንኑ ጻፈች። ስንዱ አንብባ ከአሥር ዘጠኝ ሰጠቻትና «ግሩም ገለጻ!» ብላ ጻፈችበት።

«ቲቸር፣ የእኔ ቶሎ አይወጣም?» አለች ልጅቷ።

«ተራሽን ጠብቂ የኔ ልጅ። ሁሉም በተራው።»

ፍሬገነት ጨዋ ልጅ ናት፤ ጠበቀች።

ኢዮስያስ ደግሞ በዓይኑ ያላየውን የማያምን ልጅ ነው። ረቂቁን ባነበበ ማግስት ወደ ተራራው ወጣ፤ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ችካል ተክሎ በየቀኑ ከትምህርት መልስ ይለካ ጀመር። ከጽሑፉ ሥር ይመዘግባል፦ «ዛሬ አራት ጣት።» «ዛሬ አንድ ስንዝር።» ግንቦት መጨረሻ ዝናቡ ሲበረታ፦ «ዛሬ አንድ ክንድ። ችካሎቹ ዘመም ብለዋል።» ክፍሉ ሁሉ አነበበው። ስንዱም አነበበች፤ ለትጋቱ ሁለት ማርክ ጨመረችለት። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት ያስተማረቻቸው እሷው ነበረች እኮ! ኢዮስያስም ለእናቱ እንኳ አልተነፈሰም፤ «ልኬቱ ገና አላለቀም» ይል ነበር።

ሉልሰገድ ተራው መጀመሪያ አካባቢ ደርሶት አንዲት መስመር ሳይጽፍ ያሳለፈ፣ አፉ ግን ሥራ የማይፈታ ልጅ ነው። ስንዱ የይለፍ ቃሏን ስትጽፍ እያንዳንዱን ፊደል ጮክ ብላ የመጥራት ልማድ አላት፤ ክፍሉ ሁሉ ያውቀዋል፣ የተጠቀመበት ግን እሱ ብቻ ነው። ሰኔ መግቢያ ላይ፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ በዚያ ቃል ብሎጉ ውስጥ ገባና የፍሬገነትን ጽሑፍ ከኢዮስያስ ልኬት ጋር ለዓለም አወጣው። ከላዩም የራሱን ጨመረበት፦ «መሐንዲሶች ሐሙስ ጠዋት ይናዳል ብለዋል።» መሐንዲስ የሚባል ፍጡር በዚያ አገር ዝር ብሎ አያውቅም። ጽሑፉ ከስልክ ስልክ ሲዞር አመሸ።

ስንዱም አይታው ደሟ ፈላ። ውሸቱን አወቀች እንጂ ከውሸቱ ሥር ያለውን እውነት ልብ አላለችም።

ሐሙስ ጠዋት አንድም ወላጅ ልጁን አልላከም። መምህራኑ ባዶውን መንገድ አይተው እያጉረመረሙ ከታች ሻይ ቤት ቀሩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሰንደቅ ዓላማ በሚሰቀልበት ሰዓት፣ ተራራው ወረደ። ትምህርት ቤቱ ከነአጥሩ ተዋጠ። ልጆቹ በሙሉ ተረፉ። ጥበቃው ጋሽ ተሰማ ግን እንደ ወትሯቸው በሩን ከፍተው ግቢውን እየጠረጉ ነበር። ስልክ የላቸውም፤ ሁሉም ሰው ሌላው ነግሯቸዋል ብሎ ነበር። ስንዱ ረቡዕ ማታ በደጃፋቸው ስታልፍ «ደህና እደሩ» ብላቸዋለች።

ወር ሳይሞላ ከዞን ደብዳቤ መጣ፦ ሕዝቡን ላዳነ አንድ ተማሪ በትልቁ ከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት ቦታ ተሰጥቷል፤ መምህርቷ ስሙን ትላክ። ጎርባ ውስጥ አሁን ያለው ትምህርት ቤት ሳይሆን ድንኳን ነው፤ ከሦስቱ ልጆች ሁለቱ እዚያው ይቀራሉ። ስንዱ ሦስቱንም ጠርታ ቦታው ለማን እንደሚገባ ጠየቀቻቸው።

«እኔ ባላይ ማን ያይ ነበር?» አለች ፍሬገነት።

«ስንጥቅ የትም አለ። እየሰፋ መሆኑን ያሳየሁት እኔ ነኝ» አለ ኢዮስያስ።

«ሁለታችሁም አውቃችሁ ተቀመጣችሁ» አለ ሉልሰገድ።

«አንተስ፣ ሐሙስን ከየት አመጣኸው?» አለችው ስንዱ።

አቀረቀረ። «ሐሙስ የሒሳብ ፈተና ነበረብን፣ ቲቸር።»

ስሙ የሚሞላበት የዞኑ ቅጽ ነገ ይሄዳል። ትናንት ደግሞ በብሎጉ አዲስ ረቂቅ ገብቷል፤ አንድ ልጅ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ክር የምታህል ስንጥቅ አይቷል። ስንዱ ሳትውል ሳታድር ለቀበሌ አመለከተች። «መሐንዲስ እስኪመጣ ተራ ጠብቂ» አሏት። ከጤና ጣቢያው የወጣ ሰው የለም። የክፍሉ ልጆችም የማን ስም እንደሚጻፍ እየጠበቁ ነው፤ በዚህኛው ስንጥቅ ምን ማድረግ እንዳለባቸው የሚማሩት ከዚያ ነውና።

እንግዲህ ብዕሩን ለእናንተ ሰጥቻለሁ፤ ዝናቡም አላባራም። ቦታው የሚገባው ለማን ነው?