ሐረጎን አልወጣ ያለችው መኪና

ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፤ ነገሩ የማንጠግቦሽ ነው።

በኮምቦልቻ ከተማ ጥላዋን እንኳ የማታምን አንዲት መበለት ነበረች፤ ስሟ ማንጠግቦሽ። ባሏ ትቶላት የሞተው አንዲት አሮጌ መኪና ነው። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነበር፤ ሐይቅ ከተማ ደርሳ የወንድሟን ልጅ ክርስትና ማንሳት። ጥምቀቱ ነገ ጠዋት ነው፣ የክርስትና እናት ደግሞ እሷ ናት። አሮጊት እናቷም «የልጅ ልጄን ሳላይ አልሞትም» ብለዋል። ጉልበታቸው ግን አይታጠፍም፣ የሚኒባስ ወንበር አይመቻቸውም። ተስፋቸው መኪናዋ ብቻ ናት።

በዋዜማው ማለዳ ተነሥተው ወደ ሐይቅ የሚያስወጣውን የሐረጎን ዳገት ገና ሲጀምሩት የተቃጠለ ዘይት ሸተተ። ማንጠግቦሽ አዙራ ተመለሰች፤ እናቷን ቤት አውርዳ መኪናዋን ወደ ጋራዥ ወሰደች። «ማን ነካብኝ?» አለች በሆዷ።

መካኒኩ መንበሩ ኮፈኑን ከፈተ። የዘይት መለኪያውን መዘዘ፤ ጎድሏል። ሞተሩን በጨርቅ ወልውሎ አስነሣና «እዚህ ጋ ይመልከቱ» አላት። ከላይኛው ክዳን ጠርዝ ዘይቱ ቀስ ብሎ ወዛ፣ ወረደ፣ በጋለው የጭስ ቱቦ ላይ ጠብ አለ። ጨሰ፤ ያው ሽታ መጣ።

«ጓርኒሲዮኑ ደርቆ ተሰንጥቋል» አለ፤ ከክዳኑ ሥር የሚነጠፈው ጎማ ማለቱ ነው። «በዚህ ሁኔታ ዳገት ከወጡ እሳት ሊነሣ ይችላል።»

«አንተው አፍስሰህበት እንዳይሆን?»

መንበሩ ጨርቁን ጣለ። «እንዲህ ከጠረጠሩኝ አዲሱ ሳይመጣ አልከፍትም። ኋላ ሞተሬን ፈትቶ ጣለው ይሉኛል።»

መንበሩ ክዳኑን አልከፍት አለ፣ ዘይቱ አልቆም አለ፣ መኪናዋ ሐረጎን አልወጣ አለች።

ማንጠግቦሽ መለዋወጫ ሻጩ እንድሪስ ዘንድ ሄደች። ልኩ ልዩ ልዩ የሆነ ጓርኒሲዮን ግድግዳውን ሞልቶ ተሰቅሏል።

«የአሮጌውን ልክ ሳላይ አልሸጥም» አለ እንድሪስ። «አቆሽሸሽ፣ አልገጠመም ብለሽ ልትመልሺብኝ?»

«ለሌላ ሰው ደብቀኸው ነው እንጂ!»

«እንግዲያ ይመር ሾፌሩን ለምኚው። የሱም መኪና እንዳንቺዋ ናት፤ ጓርኒሲዮኑን ሰሞኑን ስለቀየረ አሮጌው አይጠፋውም።»

እንድሪስ አልሸጥ አለ፣ መንበሩ ክዳኑን አልከፍት አለ፣ ዘይቱ አልቆም አለ፣ መኪናዋ ሐረጎን አልወጣ አለች።

ይመር ደጃፉ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። «አለኝ» አላት፤ «የዕቃ ሳጥኔ ውስጥ ነው። ቁልፉን ግን ሚስቴ ይዛዋለች።»

ሚስቱ መዲና ቁልፉን በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ይዛለች። «የት እንደሚውል ሳይነግረኝ አልሰጥም!» አለች። «ሥራ ላይ ነው ሲሉኝ ሄጄ ባይ የለም፣ ቤትም የለም። ሴት አለችው!» ብላ ወደ ጓሮ ገባች።

መዲና ቁልፉን አልሰጥ አለች፣ ሳጥኑ አልከፈት አለ፣ እንድሪስ አልሸጥ አለ፣ መንበሩ ክዳኑን አልከፍት አለ፣ ዘይቱ አልቆም አለ፣ መኪናዋ ሐረጎን አልወጣ አለች።

«ንገራታ!» አለችው ማንጠግቦሽ።

«ብነግራትም አታምነኝም» አለና ይመር አፉን ዘጋ።

ይመር አልናገር አለ፣ መዲና ቁልፉን አልሰጥ አለች፣ ሳጥኑ አልከፈት አለ፣ እንድሪስ አልሸጥ አለ፣ መንበሩ ክዳኑን አልከፍት አለ፣ ዘይቱ አልቆም አለ፣ መኪናዋ ሐረጎን አልወጣ አለች።

«ውሸታም» የሚለው ቃል ከማንጠግቦሽ ምላስ ጫፍ ደርሶ ነበር። ግን ነጭ ለብሰው ደጅ ደጁን የሚያዩት እናቷ ታወሷት። ቃሉን ዋጠችና ከይመር አጠገብ ተቀመጠች።

«ይመር፣ እኔ ሰው እንደማላምን አገር ያውቃል። ዛሬ ግን የምትለኝን አምናለሁ። ንገረኝ።»

ይመር ወደ ጓሮው ገልመጥ አለ። «ዓይኔ ነው፣ እትዬ» አለ። «የምውለው ዓይን ሐኪም ዘንድ ነው። ግራው እየደከመ ነው። መዲና ከሰማች መሪ ታስጥለኛለች፤ ከመሪ ሌላ ምን አውቃለሁ?»

ለካ መዲና ከበሩ ጀርባ ቆማ ትሰማ ኖሯል። «ዓይንህ ነው? እኔ ደግሞ ከመንደር መንደር ሴቲቱን እፈልጋለሁ!» አለችና እያለቀሰች ትከሻውን መታችው። «አብሬህ እሄዳለሁ። ሐኪሙ እሺ ሳይል ግን መሪ አትነካም!» የሻሿን ቋጠሮ ፈታች።

ይመር ተናገረ፣ መዲና ቁልፉን ሰጠች፣ ሳጥኑ ተከፈተ፣ እንድሪስ ልኩን አይቶ ሸጠ፣ መንበሩ ክዳኑን ከፈተ፣ አዲሱን አንጥፎ ብሎኖቹን አጠበቀ፣ የጎደለውን ዘይት ሞላ፤ መፍሰሱም ቆመ።

«ቱቦው ላይ የቀረው ተቃጥሎ እስኪያልቅ ትንሽ ይሸትዎታል» አለ መንበሩ። «እንዳይደነግጡ።»

ማንጠግቦሽ ዓይን ዓይኑን አየችው። «እሺ» አለች።

ከሰዓት በኋላ እናቷን አሳፍራ ሐረጎ ላይ ስትደርስ ሽታው መጣ። እጇ መሪውን ለማዞር ቃጣው።

«ምን ሆንሽ?» አሉ እናቷ።

«ምንም፣ እማዬ።» መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ነዳች። ዳገቱ አናት ሲደርሱ የሚሸተው ባሕር ዛፍ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ሐይቅ ላይ ቄሱ ሕፃኗን አጥምቀው ሰጧት፤ ማንጠግቦሽ በነጠላዋ ተቀብላ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። ወንድሟ እጁን ቢዘረጋ አልሰጥ አለች፣ ሚስቱ ብትጠይቅ አልሰጥ አለች። እናቷ እግራቸውን ዘርግተው እንደተቀመጡ ቀና አሉ።

«አምጫት እንጂ፤ እኔንም ትጠረጥሪኛለሽ?»

ማንጠግቦሽ ሳቀች። ጎንበስ ብላም ሕፃኗን በእናቷ እቅፍ ውስጥ አኖረቻት።