የንጉሡን ዘር የበላችው ፍየል

በድሮ ዘመን፣ ፍየል ችሎት ቆማ ትከሰስ በነበረበት ዘመን፣ ወተት የሚወዱ ግን ትዕግሥት የሚባል ያልፈጠረባቸው አንድ ንጉሥ ነበሩ። በአገራቸውም አንጓች የምትባል፣ አፏ ከእግሯ የሚቀድም ድሃ ሴት ነበረች። አንጓች መንታ ወልዳ ጡቷ ለአንደኛው ብቻ በቃ። ሌላኛውን የምታሳድገው ዳልቺት የምትባል ፍየሏ ነበረች። ዳልቺት ከሞተች ልጁም አለቀለት፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ዳልቺት የምትውለው ገደል አፋፍ ላይ ነው። እዚያ ድንጋዩ መሀል የፍየል ሽምብራ የሚሉት የዱር ተክል ይበቅላል፤ ቅጠሉ ደቃቅ፣ አበባው ወይን ጠጅ፣ ፍሬው ሲደርቅ በቆባው ውስጥ ሿ ሿ የሚል። እሱን የበላች ፍየል ወተቷ ቅል ሞልቶ ይፈሳል።

ንጉሡ ይህን ሰሙና፣ "የእኔ ፍየሎች ምን በወጣቸው ገደል ለገደል ይንከራተታሉ? ዘሩ ተለቅሞ እርሻዬ ላይ ይዘራ!" አሉ።

ሥራው ለአጋፋሪ ወሰኔ ተሰጠ። አጋፋሪው የቤተ መንግሥቱን በር የሚያስጠብቅ፣ ሆዱን የሚወድ ሰው ነበር። መጀመሪያ መሬቱን ደጋግሞ አሳረሰና ዘራ፤ አልበቀለም። ደግሞ ዘሩን በወተት ነክሮ ዘራ፤ አልበቀለም። በሦስተኛው ዘሩን ቅቤ ቀብቶ ሰሌን ላይ አሰጣው። ይሄኔ ዳልቺት ገመዷን በጥሳ መጣች። ቅቤ የጠገበ ሽምብራ አይታ ልትተው ነው? ኧረ እናንተስ ብትሆኑ! ሰሌኑን ሳይቀር ላሰችው።

ፍየሏ ተይዛ ችሎት ቀረበች። አንደኛው ዳኛ "ትታረድ!" አለ። ሁለተኛው "ትታረድና ትጠበስ!" አለ። አጋፋሪው ምራቁን ዋጥ አድርጎ "ትታረድና ትጠበስና ጉበቷ ለእኔ ይሁን!" አለ።

አንጓች አንዱን ልጅ አዝላ፣ አንዱን ታቅፋ ቆማለች። የምትለውን ሳታውቅ አፏ ቀደማት።

"ጃንሆይ፣ ሺህ ዓመት ያንግሥዎ! ዘርዎ አሁን የት ነው ያለው?"

"ፍየልሽ ሆድ ውስጥ ነዋ!"

"ታዲያ ጎተራዎን ሊያርዱት ነው?"

ንጉሡ ሳቃቸው አመለጣቸው። አንጓችም ሳቁን አይታ ቀጠለች፤ "እርሻዎ ላይ ትታሰር። የበላችውን ትመልሳለች። መስቀል ሲጠባ ካልበቀለ ያን ጊዜ ትታረድ።"

"በቅቤ ያልበቀለ በፍየል ሆድ ሊበቅል?" አለ አጋፋሪው።

"እኔ ምን አውቄ ጌታዬ! እሷን ይጠይቋት!"

እውነቱን ልንገራችሁ ልጆቼ፤ አንጓች ምንም አታውቅም ነበር። ለልጇ ጥቂት ቀን ወተት መለመኗ ነው።

ንጉሡም ፈቀዱ። ዳልቺት እርሻው ላይ ታስራ ሣሯን ጋጠች፤ በጠጧንም ጣለች። ዝናብ ዘነበ። አንጓች ጠዋት ማታ እየሄደች ታልባታለች።

አጋፋሪው መጣ። "በቀለ?" "ተኝቷል ጌታዬ።" ደግሞ መጣ። "በቀለ?" "እያዛጋ ነው ጌታዬ።" መስቀል ሲጠባ ቢላዋውን ስሎ፣ ንጉሡን ተከትሎ መጣ። "በቀለ?"

አንጓች ውሸቷ አለቀ። ዳልቺትን አንገቷን አቅፋ እንባዋን ዘረገፈችው። ፊቷን ወደ መሬት ስትደፋ ግን ምን አየች? በበጠጡ መሀል ደቃቅ ቅጠል! እዚህም ቅጠል፣ እዚያም ቅጠል፣ አጋፋሪው ጫማ ሥር ሳይቀር ቅጠል!

"ኧረ በቀለ! ኧረ በቀለ!" ብላ እልል አለች። ከሁሉ የደነገጠችው እሷው ነበረች።

ንጉሡ ጎንበስ ብለው በጠጡን ፈለፈሉት። "ለካ የዘሩ ቆዳ ደንዳና ኖሯል! እኛ በቅቤ ስናቀማጥለው፣ ይቺ በጥርሷ አሽታ በሆዷ አላልታዋለች" አሉ። ወዲያው ፈረዱ። የእርሻው እኩሌታ ለአንጓች ሆነ፤ ዳልቺትም ያሻትን ትጋጥ ተባለ። አጋፋሪውስ? "ከእንግዲህ የዘር ሹም ነህ" ተባለና ቅርጫት ተሰጠው። ፍየሎቹ ፊት ፊት፣ እሱ ኋላ ኋላ፤ ጉበት እንዳማረው በጠጥ ሲለቅም ኖረ።

ለማረድ ምን ጊዜም ይደረሳል ልጆቼ፤ የታረደውን ግን ንጉሥም አያስነሳው። እኔ ጨረስኩ። የሰማ ለጎረቤት ይንገር፣ ያልሰማ ለጉሮሮዬ ውሃ ያምጣ።